አራተኛው ቅርንጫፍ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ "እሷ ድሮም ፈሪ ነበረች" እንዳትሉኝ። ልጆች ሆነን እንሴኖ መንገድ ላይ ማታ ማታ ይታያል ስለሚባለው ነጭ ነገር ሲወራ "የማን ፍየል ጠፍታ ነው?" ብዬ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንኳ ድምፅ ማጉያው በራሱ ሲያጓራ ሰው ሁሉ "ኢየሱስ!" ሲል የእኔ ዓይን የሚሄደው ገመዱ ላይ ነው። ጌታን አምናለሁ፣ ገመድም እንደሚላላ አውቃለሁ። ወልቂጤ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ እንጀራዬ ራሱ ለሁሉም ነገር ምክንያት መፈለግ ነው። ለዚህኛው ግን እየፈለግኩ ይኸው እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ከአባቴ ልጀምር። ወልዴ በር ሠሪው ቢባል ቡታጅራ ውስጥ ሰፈራችንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፣ የብረት በርና መስኮት ይበይድ ነበር፣ ግማሹ ሰፈር የሚገባው የሚወጣው በእሱ በር ነው። ሁለቱም ጉራጌ ናቸው፣ እሱ መስቃን፣ እናቴ ቸሃ፣ አንዱ የሌላውን አነጋገር ሲያሾፍበት ኖረው ለእኔ የተረፈኝ አማርኛው ነው። ከአባቴ ጋር ተጣላን። ምክንያቱ አጭር ነው፣ የምወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ፣ አባቴ እኔን እንኳ ሳይጠይቅ መለሳቸው፣ ለምን ብዬ ብጠይቀው "አይሆንም አልኩ፣ አይሆንም" ብቻ፣ ልጁም ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ። በዚያው ወላጆቼ ቤት መሄድ ተውኩ። ስምንት ወር ሙሉ ከቤተሰቡ ከእናቴ በቀር ማንንም አላናገርኩም፣ የእሱን ስልክ አላነሳም። አንድ ቀን በማላውቀው ቁጥር ደወለና ሳላውቅ አነሳሁት።

"ሩቴ፣ ነይ፣ የምነግርሽ አለኝ" አለኝ።

"በስልክ ንገረኛ!"

"በስልክ የሚሆን አይደለም ልጄ፣ ነይ።"

ሄድኩ፣ ማለቴ እስከ መናኸሪያው። በቅርብ የገዛኋትን ቢጫ ጃንጥላ ይዤ የቡታጅራ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠን፣ እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ትዕግሥት የሚባል አልሰጠኝም፣ በተቀመጥኩ ቁጥር ንዴቴ እየተመለሰ መጣና "እሱ በጠራኝ ቁጥር የምሮጠው ምኑ ነኝ?" ብዬ ወረድኩ። በቃ፣ ወረድኩ። ጃንጥላዬን መቀመጫው ላይ ረስቼ ዞር ስል ሚኒባሱ ሞልቶ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን አባቴን ስትሮክ መታው።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ምላሱም እንደዚያው። ድምፅ አለው፣ ቃሉ ግን አፉ ውስጥ ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው፣ እንኳን እኛ ሐኪሙም አልገባውም። አንድ ነገር ግን ነበር፣ እኔ ክፍሉ በገባሁ ቁጥር፣ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ብቻ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል። ሁልጊዜ ያው ነው፣ ርዝመቱ ያው፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ የሚያደርግባት ቦታም ያችው። "ይቅር ብዬሻለሁ ነው የምትለኝ አባ?" ስለው ያለቅሳል። "ተቀይመኸኛል?" ስለውም ያለቅሳል። ሐኪሙ እንዲህ የታመመ ሰው ለሁሉም ያለቅሳል፣ ብቻ እንዳታበሳጩት ብሎ አስጠነቀቀን። የአባት እርግማን ምን እንደሆነ እኛ አገር ላደገ ሰው አይነገረውም፣ በሁሉም ነገር የምስቀው እኔ እንኳ በእሱ ስቄ አላውቅም። ይቅር ብሎኝ ይሆን ወይስ ረግሞኝ? ሌላ ምንም አልፈለግኩም፣ ይቺን ብቻ ማወቅ።

እና በሙያዬ ገባሁበት። ድምፅ ሰምቶ የሚጽፍ፣ ሞዴል የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ፣ እሱ የሚያውቀው የደህና ሰው አማርኛ ስለሆነ የአባቴን አማርኛ ላስተምረው ተነሳሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወልቂጤ እየመጣሁ እኔ "ውሃ" እላለሁ፣ አባቴ በራሱ አፍ ይደግማታል፣ እሷን እቀዳና "ውሃ" ብዬ እጽፍበታለሁ፣ በር፣ ብረት፣ ዝናብ፣ የሚወዳቸውን መዝሙሮች ሳይቀር፣ እንዲህ እያልን አራት ወር ሄደ። ስልጠናው የሚቆጠረው በእርምጃ ነው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሞዴሉ ጥቂት ድምፅ ይሰማና ስህተቱን ትንሽ ያርማል፣ በየአምስት መቶው እርምጃ ደግሞ የደረሰበትን ያስቀምጣል፣ ከተበላሸ ወደዚያ ተመልሶ እንደገና መነሳት እንዲቻል። የእኔው እስከ ሦስት ሺህኛው እርምጃ ደህና ተማረ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ሰነፍ ተማሪ መሸምደድ ጀመረ፣ ምን ብታሰሙት መዝሙር ነው የሚጽፍላችሁ። ስለዚህ ወደ ሦስት ሺህ ልመለስና ከዚያችው ነጥብ ሦስት የተለያየ መንገድ ላስኪደው አልኩ፣ አንዱ ቀስ ብሎ የሚማር፣ አንዱ መዝሙሮቹ የወጡለት፣ የመጨረሻው ደግሞ ጆሮው እንዲጠነክር የዝናብና የመኪና ጩኸት የተቀላቀለበት። ቅርንጫፍ ማውጣት እንለዋለን።

ያን እሁድ ጠዋት እናቴ ወደ ቤተክርስቲያን ልትወጣ ስትል "ዛሬ ሦስት ቅርንጫፍ እከፍታለሁ" ብላት "የባንክ ሥራ ያዝሽ እንዴ?" አትለኝም! እየሳቅኩ በእንሰት አስረዳኋት፣ የቸሃ ልጅ አይደለች፣ "አንዷን እንሰት ቆርጣችሁ ሥሯን ስትቀብሩት ከእሷ ብዙ ችግኝ ይወጣ የለ? ያው ነው" አልኳት። ነጠላዋን እያስተካከለች ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው ስትነቅይ ቆጥረሽ ንቀይ፣ ሁልጊዜ አንድ ያልቆጠርሽው አይጠፋም" ብላኝ ሄደች። ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት።

የምሠራው አባቴ ድሮ ብረት ያስቀምጥባት በነበረችው ክፍል ነው፣ ከግቢው ሁሉ ጸጥ ያለች እሷ ናት፣ እሱ የተኛበት ክፍል ከግድግዳው ማዶ ነው። መስኮት የላትም። በሯን የሠራት ራሱ ነው፣ የዕቃ ቤት ናት ብሎ ከውስጥ እጀታ አላደረገላትም፣ ስትዘጋ በራሷ የምትወድቅ መቀርቀሪያ ከውጭ አላት፣ ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ቁራጭ ብረት አስደግፋታለሁ። ላፕቶፑን ከፍቼ ገና ከመቀመጤ ንፋስ ይሁን ምን ይሁን ብረቷ ተንሸራታ በሩ ጓ! ብሎ ተዘጋ። ስልኬ አባቴ ክፍል ቻርጅ ላይ ነው። ገፋሁ፣ በትከሻዬ መታሁ፣ በእግሬ ደበደብኩ፣ የወልዴ በር መቼ ይነቃነቃል!

እናቴ እስክትመለስ ሦስት ሰዓት አለ። አባቴ ቢጠማውስ፣ ትን ቢለውስ እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ ግድግዳው ማዶ ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ "አባ፣ በሩ ተዘግቶብኝ ነው፣ አለሁ!" ብዬ ጮህኩና ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ አስነሳሁት። ይኼኔ አባቴ ያን ዓረፍተ ነገር አለ። ልብ በሉ፣ እኔን ሲያይ ብቻ ነው የሚለው ብያችኋለሁ፣ በመካከላችን ደግሞ ግድግዳ አለ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ የእግር ድምፅ ሰማሁ። "እማ! ክፈቺልኝ!" አልኩ። መልስ የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ፣ አባቴ ጎረምሳ ሳለ ብረት ወድቆበት ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል፣ አንዷ እግር ዷ ስትል ሌላዋ ሸር ትላለች፣ እናቴ ከሩቅ በእሷ ነው የምታውቀው። ዷ፣ ሸር። ዷ፣ ሸር። አባቴ ደግሞ ከአልጋ ሳይነሳ ወራት አልፈዋል። የእግሩ ድምፅ ከግድግዳው ጥግ ተነስቶ ወደ ማድ ቤቱ በኩል ሄደ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ፣ ሦስት ሺህ አርባ አንድ ሲል ዷ፣ ሦስት ሺህ አርባ ሁለት ሲል ሸር። አጋጣሚ ነው አልኩ። አይ አጋጣሚ! ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ላይ ቅርንጫፉ አለቀ፣ እግሩም ማድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ።

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሲያልቅ ቀደም ብዬ የቀዳሁትን የአባቴን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ እንዲጽፍ አዝዤው ነበር። የመጀመሪያው "ቀን" ብሎ አንዲት ቃል ጻፈ። ሁለተኛውን አስነሳሁ፣ ለምን አትሉኝም፣ ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር? እግሩ ከማድ ቤት አልተመለሰም፣ ያው የግድግዳው ጥግ ጋ እንደ አዲስ ተጀመረ፣ አሁን ግን ወደ ውጭው በር ሄዶ ቆመ። ሁለተኛው "ቀን አትርሺ" ብሎ ጻፈ። ሦስተኛውን ለመጀመር ጣቴን አንስቼ ብዙ ቆየሁ፣ እግሩ ሁለት ቦታ ሄዷል፣ የቀረችው የእኔ በር ናት ብዬ አሰብኩ፣ ግን አባቴ ምን እንዳለኝ ለማወቅ አራት ወር የለፋሁት ለዚች ደቂቃ ነው፣ እና ጫንኩት። ዷ፣ ሸር፣ ዷ፣ ሸር። ወደ እኔ መጣ። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሲል እግሩ በሩ ሥር ቆመ።

ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አየሁ። የቀን ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ይገባል፣ እግር የለም። "አባ?" አልኩ ቀስ ብዬ። አባቴ ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ከአልጋው ላይ ያን ዓረፍተ ነገር አለ። ኢየሱስ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ገመድ አልፈለግኩም።

ሦስተኛው "የመጣሽ ቀን አትርሺ" ብሎ ነበር። የቱ የመጣሁበት ቀን? ከታመመ ወዲህ በየሳምንቱ እመጣለሁ። ሦስቱን ላስተያይ ብዬ ፎልደሩን ስከፍት አራት ናቸው። ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ አራት ቅርንጫፍ፣ አራቱም ከሦስት ሺህ የተነሱ። አራተኛው ላይ የተሠራበት ቀን ተብሎ የተጻፈው ከሚኒባሱ የወረድኩበት ቀን ነው፣ ያን ጊዜ እንኳን ቅርንጫፉ ይኼ ሥራም በሐሳቤ አልነበረም። የላፕቶፑ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል አልኩ፣ ይዛባል እኮ። የጻፈውን ከፈትኩት፣ አንድም ቃል አልጎደለውም።

"የመጣሽ ቀን የነገርኩሽን አትርሺ።"

እኔ እኮ አልመጣሁም! በምን እንደሠለጠነ ብመለከት እኔ የቀዳኋቸው ሁሉ አሉ፣ አንድ ያልቀዳሁት ድምፅ ተጨምሯል፣ ርዝመቱ አርባ ደቂቃ። ኢርፎኔን አድርጌ ከፈትኩት። የዝናብ ድምፅ ነው፣ ጃንጥላ ሲታጠፍ ይሰማል፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ "አባ፣ መጣሁ" ይላል። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ አባቴ፣ በደህና አፉ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ "ቁጭ በይ ሩቴ። የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ፣ ለእናትሽም ቢሆን" አለ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ያን ድምፅ ሁለተኛ እሰማዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበራ።

አሁን እዚህ ጋ ብትሰድቡኝ አይከፋኝም። ተረጋግታ የምታዳምጥ ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬ ይኼን አልጽፍላችሁም ነበር። እኔ ግን ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ቶሎ ልወቅ ብዬ መሐሉን ዘልዬ መጨረሻው ላይ ጫንኩ። ድምፁ ውስጥ እኔ እያለቀስኩ ነው፣ "እሺ አባ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አደርገዋለሁ" እላለሁ። ድምፁ እዚያ ላይ ያልቃል። ያልማልኩትን መሐላ በገዛ አፌ ስምል ሰማሁ፣ እና በዚያችው ቅጽበት በሩ ከውጭ ቀስ ተደርጎ በጣት ተንኳኳ። ይኼ የኔ አይደለም፣ ይኼ የኔ አይደለም እያልኩ አራተኛውን ቅርንጫፍ ከነድምፁ አጠፋሁት፣ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንኳ በማይተርፍበት አጠፋፍ። እጄ የለመደው ነገር ነው፣ የማያስፈልገኝን ሁሉ የማጠፋው እንደዚያ ነው።

መቀርቀሪያው ተነሳ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፣ በርበሬ የሚነግዱት ጎረቤታችን፣ እሁድ ሌላው ሁሉ ቤተክርስቲያን ስለሚሄድ ሰፈሩ ለእሳቸውና ለልጆቻቸው ብቻ ነው የሚቀረው። "ያ ረቢ! ማን ዘጋብሽ? በር ሲደበደብ ሰምቼ ነው የመጣሁት" አሉኝ። ተጠመጠምኩባቸው። ግቢው ውስጥ ሰው አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ማንም የለም አሉ፣ ውሃ አጠጡኝ፣ አባቴን አብረን ገብተን አየነው፣ ደህና ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ልሸኛቸው ስወጣ እንዲህ አሉኝ።

"ወላሂ ልንገርሽ፣ ቂም ይዤብሽ ነበር። አባትሽ ሊታመም ሰሞን የመጣሽ ቀን፣ እናትሽ ለቅሶ ሄዳ፣ እኔ እዚህ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ፣ በዚያች ቢጫ ጃንጥላሽ ተሸፍነሽ ሰላም እንኳ ሳትይኝ አለፍሽ። ስትወጪ ፊትሽ በእንባ ርሶ ስላየሁ ነው ዝም ያልኩት።"

ሌላ ሰው ይሆናል፣ ጃንጥላዬን ያገኘች ሴት ትሆናለች ልላቸው ነበር። አልወጣልኝም፣ "ይቅርታ እትዬ ዘይነባ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው" አልኳቸው።

ተመልሼ አባቴ ጋ ስገባ ዓይኑን ገልጦ ያን ዓረፍተ ነገር አለ። አሁን እያንዳንዷ ቃል ትሰማኛለች፣ እንዴት እስከ ዛሬ አልሰማኋትም! "አልረሳሁም አባ" አልኩት። ሌላ ምን ልበል? ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ እንቅልፍ ወሰደው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ዓረፍተ ነገር ደግሞት አያውቅም። አልረገመኝም፣ ይኼ ያስደስተኛል፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ምን እንደነገረኝ አላውቅም። "ምን ነበር ያልከኝ?" ብዬ እንዳልጠይቀው አልረሳሁም ብዬዋለሁ፣ "መጥቼም አላውቅ" ብለው ደግሞ በብስጭት ይሞትብኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ፣ በሩን በሁለት ብረት አስደግፌ፣ ወደ ሦስት ሺህ እመለሳለሁ፣ እንደገና ቅርንጫፍ አወጣለሁ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ያ ያጠፋሁት አራተኛው ግን ተመልሶ አልመጣም። እኔ ራሴ ከሦስት ሺህ ማለፍ አልቻልኩም።

ከወር በኋላ አባቴ አዲስ ዓረፍተ ነገር ጀመረ፣ አጭር ናት፣ ይቺንም ለእኔ ብቻ ነው የሚላት። ቀድቼ ለሦስተኛው ቅርንጫፍ ሰጠሁት፣ ወዲያው ጻፈው። "መቼ ነው የምታደርጊው?" ይላል። "በቅርቡ አባ" እለዋለሁ፣ ይተኛል፣ በሳምንቱ ስመጣ ይጠይቀኛል፣ "በቅርቡ አባ" እለዋለሁ።

ያለፈው እሁድ ግን አልተኛም። "በቅርቡ" ስለው ደህናዋ ግራ እጁ የእጄን አንጓ ያዘች፣ በር ስትበይድ የኖረች እጅ ናት፣ ብጎትት ብለምን አልለቀቀኝም፣ እናቴ ከቤተክርስቲያን እስክትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተያዝኩ ቆየሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችልኝ እሷ ናት። አንጓዬን እያሸችልኝ "ምን ፈልጎ ነው? ምን አለሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

ለምን ደበቅኳት? ክፍሌ ገብቼ በሩን ካስደገፍኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ለእናትሽም ቢሆን አትንገሪ ብሎኝ ነበር።